የተቆለፈበት ግራናይት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ የኮምቦልቻ ተማሪዎች፤ እንኳን ለሳይንስ ቀናችን አደረሳችሁ።

ስለ ግራናይት እንድናገር ተጠይቄአለሁ። አስቀድሜ ግን ለዓመታት ውስጤን ሲያቃጥለኝ የኖረውን ላውጣው። ቀደም ሲል ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት የአለት ናሙናዎች የተቀመጡበት ቁም ሣጥን ነበር። ቁልፉን ስጠይቅ «ንብረት ነው፤ ይጠፋል» ተባልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼ የግራናይትን ማዕድናት «ኳርትዝ፣ ፌልድስፓር፣ ሚካ» እያሉ በቃላቸው ሸምድደው ፈተናውን አለፉ፤ ግራናይት በእጁ የያዘ አንድም አልነበረም። ድንጋይ ከልጅ ተደብቆ ለማን ሊሆን ነው?

በመጨረሻ ልጆቹን ይዤ እዚሁ ከተማችን ወዳለ ድንጋይ ቆራጭ ሄድኩ። ባለሙያው ከጠረጴዛ ልባስ የተረፈ ቁራጭ ሰጠን፤ ውኃ አፈሰስንበት። ግራጫው እንደ ተሰበረ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ ኳርትዝ፣ ሮዙ ጠፍጣፋ ገጹ ብርሃን የሚመልስ ፌልድስፓር፣ ጥቁሩ በጥፍር ሲነካ በስስ ቅርፊት የሚላጥ ሚካ። ያን ጊዜ አንዲት ልጅ «መምህር፣ የጦሳ ተራራ ድንጋይ ለምን እንዲህ አያብለጨልጭም?» አለችኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም ነበር!

ልጄ፣ በጦሳም ሆነ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁል ስንወርድ የምናየው ጥቁር አለት በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ወጥቶ የፈሰሰ። ምድር ገጽ ላይ ፈጥኖ ስለቀዘቀዘ ማዕድናቱ የሚያድጉበት ጊዜ አላገኙም። ሲሊካውም፣ ማለትም የሲሊኮንና የኦክስጅን ውሁዱ፣ ከመቶ 50 ገደማ ነው። የግራናይት ሲሊካ ግን ከመቶ 70 ገደማ ይደርሳል፤ ቅልጡም ኪሎ ሜትሮች ከምድር በታች ሆኖ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ የማዕድናቱ ቅንጣት በዓይን ይታያል።

ግራናይትም እርስ በርሱ ይለያያል። ቻፔልና ዋይት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአውስትራሊያ ሁለት ዓይነት ለይተዋል፤ አንዱ ከቀለጠ የእሳት አለት፣ ሌላው ከቀለጠ የደለል አለት የመጣ ነው። ሁለተኛው አልሙኒየም ይበዛበታል፤ ነጭ ሚካም ብዙ ጊዜ ይገኝበታል። አለት ወላጁን ይመስላል።

ሱቅ ውስጥ «ጥቁር ግራናይት» የሚባለው አብዛኛው ኳርትዝ የሌለው ወይም ጥቂት ብቻ ያለው፣ ጋብሮ የተባለ ሌላ አለትና መሰሉ ነው። የአክሱም ሐውልቶችም ግራናይት ይባላሉ እንጂ አለታቸው ኔፌሊን ሳየናይት ነው፤ ኳርትዝ የለውም። ይህን ከስም መለየት አይቻልም፤ በዓይን ማየት፣ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኃላፊዎቻችን ሆይ፣ ቁም ሣጥኖቹን ክፈቱ! የጠፋ ድንጋይ ቢኖር እኔ እተካለሁ።

ዛሬ ቁራጮቼን ይዤ መጥቻለሁ። ከመድረኩ ፊት ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ አጠገባቸው በባልዲ ውኃ አለ። ልጆች፣ ኑና አርጥባችሁ እዩ።