ይሁና

እሺ... መቅዳት ጀመረ መሰለኝ። ወንበሩ አሁንም ይጮኻል። አልቀየርኩትም። ቃል ገብቼ ነበር አይደል? ተዉት።

ዛሬ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን ያ ዝክር ከጭንቅላቴ አልወጣም አለ። ከማርቆስ ወጣ ብሎ፣ እነ ጋሼ ቤት። ጋሼን ታውቁታላችሁ፤ ስልክ ሲያወራ ያለ ኔትወርክ አዲስ አበባ የሚሰማው።

ጠላ ይቀዳል። ጋሼ ያቺኑ ወሬውን አነሳ። ዋሸራ፣ ቅኔ ቤት፣ አኮፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የነከሰው ውሻ። ውሻው በየዓመቱ እየተለቀ ነው፣ ዘንድሮ ጅብ ሊያክል ምንም አልቀረው። ከዚያ ጉባኤ ቃና ልበል አለ። ጉባኤ ቃና እኮ አጭሯ ቅኔ ናት፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ። መወድስ ቢሆን ስምንት ነው፣ ሰለቸኝ እላለሁ። ሁለት! አንዷን አለ። ወደ ሁለተኛዋ ሊሻገር ትንፋሽ ሲወስድ፣ እኔ እዚያች ትንፋሽ ላይ ገባሁባት።

«ጋሼ፣ የኔታ ባያባርሩህ ኖሮ እኮ ዛሬ ሊቅ ነበርክ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጥሩ ቀልድ ነበር። አሁንም ጥሩ ይመስለኛል፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ጋሼ ዋንጫውን አነሳ። የዋንጫውን አፍ በአውራ ጣቱ ጠረገ። ቀስ ብሎ፣ ዙሪያውን። «ይሁና» አለ።

በቃ። ሁለተኛዋ ቤት ቀረች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የራሴን መመለጥ እንኳ አውቄዋለሁ፤ አትሳቁ።

ሌሊት ሌሊት «ይሁና»ን እፈታለሁ። ሰሙ ግልጽ ነው፣ ግድ የለም ማለት ነው። ወርቁስ? አንዳንዴ «አንተም?» ይሆንብኛል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም የለውም፣ ሰውዬው ጠላው ጠምቶት ነው እላለሁ።

ማታ እማዬ ምን አለችኝ? «ማን አባረረው ብሎ ነገረህ? አባባ ሲሞት እርፍ የሚጨብጥ ጠፋ። ላኩበት፣ መጣ።» እንዲህ፣ ሽንኩርት እየላጠች። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ተባረረ ሲባል ነው የሰማሁት! ሁሉም እየቀለደ። እሷም እኮ ቅድም ስቃለች። እሱስ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አለ? አየህ፣ አሁን ደግሞ ጥፋቱን ወደሱ ላዞረው ነው።

ስመለስ ደጀን ላይ ልደውልለት ስልኩን አወጣሁ። ቆይ ትንሽ ስል ዓባይ በረሃ ገባን፣ ኔትወርክ ጠፋ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ጎሐ ጽዮን ስንወጣ ኔትወርኩ ተመለሰ፣ እኔ ግን የተኛሁ መሰልኩ። ለማን እንደሆነ እንጃ።

እሁድ ደወልኩ። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ጤፍ። ስለ ጉልበቱ። «ጋሼ፣ ያቺ ሁለተኛዋ ቤት...» ስል፣ «ቆይ ቆይ፣ ከብቶቹ ገቡ» ብሎ ዘጋው።

ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ምን ከብት... ውይ፣ ቡናው ገነፈለ። ቆዩኝ።