በባዶ እጅ መምጣት፦ በደሴ ለጸሎት ቤት ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችና አገልጋዮች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም ደስታችንን ደስታችሁ አድርጋችሁ ከመስጊዱም ከደብሩም የመጣችሁልን ጎረቤቶቻችን፤ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ይገባል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ የመሠረቱን ጉድጓድ ሁለት ጊዜ ሲሞላው ውኃውን በባልዲ ቀድታችሁ ያወጣችሁ ወጣቶች፣ አሸዋ በጀርባችሁ አዝላችሁ አቀበቱን የወጣችሁ እናቶች፣ ከደመወዛችሁ በየወሩ ያዋጣችሁ ሠራተኞች፣ ድንኳንና ወንበር ያዋሳችሁን የዕድሩ ሰዎች፣ ለሲሚንቶ ማቡኪያ የግቢህን ውኃ ያለ ሒሳብ የለቀቅህልን ሙስሊሙ ጎረቤታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

የምረቃ ኮሚቴው የሰጠኝ ርእስ «የጸሎት ቤታችን ታሪክና የምእመናን አስተዋጽኦ» የሚል ነው። ታሪኩ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ታትሟልና እርሱን እንደገና አላነብላችሁም። አስተዋጽኦ በሚለው ቃል ላይ ግን ልቆይ እወዳለሁ፤ ይህ ቃል ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶኛልና።

በወሎ ምድር «77» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። የ66ቱንም ረኃብ ያዩ አባቶች እዚህ ተቀምጠዋል። እኔ በ1977 ዓ.ም. የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቤታችን ላስታ ደጋው ላይ ነበር። በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ቀረ፤ በሬዎቹ ተሸጡ፤ በመጨረሻም የቤቱ እንጨት ሳይቀር ለማገዶ ተሸጠ። አባታችን እህል ፍለጋ ወደ ቆላ እንደ ወረደ አልተመለሰም። እናታችንም እኔንና የሦስት ዓመት ወንድሜን ይዛ፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደ ነበረችው ወደ ኮረም መንገድ ጀመረች። በአራተኛው ቀን ደረስን።

እናቴ በአገሯ የታወቀች ፈታይ ነበረች። ከቤት ስትወጣ የያዘችው አንድ ቅል፣ የለበሰችው አንድ ነጠላ፣ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው አንድ ልቃቂት ፈትል ብቻ ነበር። በመንገድ ላይ ውኃ ስንጠጣም፣ ስንተኛም፣ ያንን ቋጠሮ በእጇ እየዳሰሰች መኖሩን ታረጋግጥ ነበር። ለምን እንደያዘችው ያወቅሁት ኮረም ስንደርስ ነው።

ኮረም ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰዉ ከአፈሩ ጋር አንድ ቀለም ሆኖ ሜዳውን ሞልቶታል። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ነጭ ገዋን የለበሰች አንዲት የአገራችን ልጅ የሕፃናትን ክንድ በጥብጣብ ትለካለች። ክንዱ ከተወሰነው መጠን ያነሰ ልጅ እጁ ላይ ምልክት ይታሰርለትና ወደ መመገቢያው መጠለያ ይገባል። ተራችን ሲደርስ የወንድሜን ክንድ ለካች፤ ማመን እንዳቃታት ሁሉ ደግማ ለካችው፤ ከዚያም ምልክቱን አሰረችለትና «ግቡ» አለችን።

እናቴ ግን አልገባችም። ቋጠሮዋን ፈታች፣ ልቃቂቱን አወጣች፣ በሁለት እጇ ይዛም «እመቤቴ፣ ይህችን ተቀበይኝ፤ በባዶ እጄ አልመጣሁም» አለቻት። ልጅቱ «እናቴ፣ ይህ እኮ አይሸጥም፤ ልጁን ያስገቡት» አለች። እናቴ እጇን አላጠፈችም። «እኔ የሰው ደጅ ቆሜ አላውቅም። ፈትሉን እዪው፤ ቀጭን ነው፤ ድርም ማግም ይሆናል» አለች። ከኋላችን ሰልፉ ይገፋል። ልጅቱ ምንም ሳትናገር የእናቴን ጣቶች አንድ በአንድ አጠፈችና ልቃቂቱን መልሳ አስጨበጠቻት። ያን ጊዜ እናቴ ያደረገችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ወንድሜን አዘለችው፣ እኔን በክንዴ ያዘችኝና ከሰልፉ ወጣች።

ጥቂት ሄዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወንድሜ ማልቀስ ካቆመ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። አጠገባችን የተኛ አንድ ሽማግሌ ነገሩን ሁሉ ሲያይ ኖሮ፣ ራሱን ከመሬት ሳያነሣ «አንቺ ልጅ፣ ያቺ የለካችው የልጅሽን ክንድ ነው እንጂ የአንቺን ሙያ አይደለም» አላት። እናቴ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ልቃቂቱን በጉያዋ አስገብታ ተነሣች፤ ተመልሳ ሄደችና ቅሏን በሁለት እጇ ዘረጋች። የፋፋ ገንፎ ሞሉላት። ወንድሜ ዛሬ በሕይወት አለ፤ የአራት ልጆች አባት ነው።

ልቃቂቱ ይኸው በእጄ ነው። የዶሮ እንቁላል ያህላል። አቧራው ወደ ውስጥ ዘልቆ ቀለሙን ለውጦታል፤ አንዱ ጫፍም ተፈትቷል።

ወገኖቼ፣ ስለ ኃጢአት ብዙ ስብከት ሰምታችኋል፤ እኔም ሰብኬአለሁ። ስካርን፣ ዝሙትን፣ ሌብነትን ዘርዝረናል፤ እነዚህ ኃጢአት መሆናቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን ልጇ እየሞተ «በባዶ እጄ አልመጣሁም» ብላ ከሰልፍ የወጣችውን እናቴን ባሰብሁ ቁጥር፣ ሰውን ከእግዚአብሔር ደጅ የሚመልሰው ትልቁ ነገር ያ የምናፍርበት ሥራችን ሳይሆን ይህ የምንኮራበት ፈትላችን እንደ ሆነ አያለሁ። ሰካራሙ ባዶ መሆኑን ያውቃል። ቅን ሠርቶ አደሩ፣ ዐሥራት ከፋዩ፣ ጾም ጸሎት የማያጓድለው፣ እርሱ ልቃቂቱን ይዞ ቆሞ «ተቀበለኝ» ይላል፤ አይሸጥም ሲባልም ይቀየማል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 3 «ሁሉ ኃጢአትን ሠርተዋልና የእግዚአብሔርም ክብር ጎድሎአቸዋል፤ በኢየሱስ ክርስቶስም በሆነው ቤዛነት በኩል እንዲያው በጸጋው ይጸድቃሉ» ይላል። «እንዲያው» የሚለውን ቃል አስተውሉልኝ። እንግዳ ወደ ወሎ ሰው ቤት ገብቶ ቡና ጠጥቶ፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጨርሶ ሲነሣ እጁን ወደ ኪሱ ቢሰድድ ባለቤቲቱ ምን ትላለች? «ኧረ እንዲያው ነው!» ትላለች፤ ገንዘቡን ካላጠፈ ትቆጣለች፤ ቤቴን ቡና ቤት አደረግኸው ብላ ታዝናለች። እንግዲህ በመስቀሉ ላይ የፈሰሰውን የልጁን ደም እያየን ኪሳችንን ስንዳስስ አብ ምን ይሰማው ይሆን?

ለእኛ እንዲያው ነው ማለት ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት አይደለም። በቅሏ ላይ የፈሰሰውን ያንን ገንፎ እናቴ አልገዛችውም እንጂ አንድ ሰው ገዝቶታል፤ አንድ ሰው አጓጉዞታል፤ አንድ ሰው ሌሊት ሲያማስል አድሯል። ቤዛነት የሚለው ቃል የሚናገረው ይህን ነው። በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን፣ አባቶቻችን ፈያታዊ ዘየማን የሚሉትን ወንበዴ ተመልከቱት። ሁለት እጆቹ ተቸንክረዋል፤ ምጽዋት አይዘረጋም። እግሮቹ ተቸንክረዋል፤ ገዳም አይሄድም። የቀረው አንድ አፍ ነው፤ በእርሱም «አስበኝ» አለ። «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተባለ።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ። በዚህ ቤት መግቢያ በስተቀኝ ያለውን እብነ በረድ ሁላችሁም አይታችሁታል። ከመቶ ሺህ ብር በላይ የሰጡ ሰዎች ስም በትልቅ ፊደል ከላይ፣ ቀጥለው ያሉት በመካከለኛ፣ ከዚያም በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ከአሥር ሺህ ብር በታች የሰጡት ሁሉ ከግርጌ «እና ሌሎች ምእመናን» ተብለዋል። የእኔ ስም በመካከለኛው ፊደል አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሜአለሁ፤ ስለዚህ ሌላውን ልወቅስ አልተነሣሁም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

ድንጋዩ በተለጠፈ ማግስት አሸዋ ከተሸከሙት አንዷ የሆነች፣ እንጀራ ጋግራ የምታድር አንዲት አረጋዊት እናታችን ከፊቱ ቆማ አገኘኋት። ፊደል አልቆጠረችም። ጣቷን በፊደሎቹ ላይ እየሄደች «ልጄ፣ የእኔ ስም የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ከግርጌ ያለውን አሳየኋት። «እዚህ ውስጥ ነዎት» አልኋት። አንብብልኝ አለችኝ፤ አነበብሁላት። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ጌታም በዚህ ነው የሚጠራኝ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

አርባ ዓመት ወንጌል የሰማች እናት ይህን ከጠየቀችን፣ ምን ስናስተምራት ኖርን? በአፋችን «ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» የሚለውን ኤፌሶን 2ን እናስጠናለን፤ በግድግዳችን ግን መመኪያ እንቀርጻለን! ጎረቤቶቻችንን ጾም ትቆጥራላችሁ፣ ስዕለት ታስገባላችሁ እያልን ስንተች ኖረን፣ እኛ ደግሞ የዐሥራት ደረሰኝ እንቆጥራለን፤ ማን በአዳር ጸሎት ተገኘ፣ ማን ቀረ እያልን እንመዘግባለን። ይባስ ብሎ በየመድረኩ «ዘር ዝሩ፣ ፈውሳችሁን ውሰዱ» እየተባለ የድሃ መቀነት ይፈታል። ይህ ወንጌል አይደለም። የታመመ ልጅ ያቀፈችን እናት «ስንት አለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ኮረም ላይ ልቃቂቱን የመለሰችው ያች ነጭ ገዋን የለበሰች ልጅ በፍርድ ቀን ትፈርድበታለች!

ይህ ፈተና በእኛ አልተጀመረም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1517 ማርቲን ሉተር በጀርመን አገር ድምፁን ያሰማው የኃጢአት ስርየት ወረቀት ስለሚሸጥ ነበር፤ ከዚያ ሽያጭ የሚገኘውም ገንዘብ በሮም ለቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ግንባታ ይውል ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ! (ሚካኤል የሚባል የአገራችን ዲያቆን በ1534 ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር መነጋገሩን ወጣቶቻችን ቢያውቁ መልካም ነው፤ ነገሩ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም።)

የወሎ ሰው ደግሞ የውጭ ሥራ ልብን እንደማይለውጥ ከማንም በላይ ያውቃል። ቦሩ ሜዳ ከዚህ ሩቅ አይደለችም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሸዋው ምኒልክ ባለበት የሃይማኖት ጉባኤ አድርገው፣ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዋጅ ወጣ። የወሎው ባላባት መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ። ከሕዝቡ ብዙው ግን ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። ውኃው ፈስሷል፣ ማተቡ ታስሯል፣ ልቡ ግን አልተነካም። ከአያቶቻችሁ መካከል ይህ የደረሰባቸው ጎረቤቶቻችን እዚህ ተቀምጣችኋል፤ በክርስቶስ ስም ስለ ተደረገባችሁ ግፍ አዝናለሁ። ጸጋ በአዋጅ አይታደልም።

«እንግዲያስ መልካም ሥራ ይቅር?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ያዕቆብ «እምነት ከሥራ የተለየ የሞተ ነው» ማለቱን አልዘነጋሁም። እናቴ ከዚያ ዘመን በኋላ እስክትሞት ድረስ ስትፈትል ኖረች፤ በየዓመቱም ለአንድ ለታረዘ ሰው የጋቢ ፈትል ትሰጥ ነበር። ብድር ልመልስ ብላ አልነበረም፤ ልጇ ስለ ኖረ ነው። ይህን ብቻ ያዙልኝ።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «እንግዲያው የዚያች እናትም ስም ይጻፍላት» እያላችሁ ይሆናል። አይደለም። በትልቅ ፊደል ብንጽፋት ያው አሸዋ በመሸከሟ የተጻፈች ትሆናለች። እኔ የምለምነው ድንጋዩ በሙሉ እንዲነሣ፣ ከሁሉ በፊትም የእኔ ስም እንዲነሣ ነው። ነገሩን ለሽማግሌዎች ጉባኤ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ፤ ዛሬ በፊታችሁ መናገሬ ቃሌን እንዳላጥፍ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የምሳው ኩፖን የታደለው ስማቸው በመዝገብ ላለ ሰዎች እንደ ሆነ ሰምቻለሁ። በር ላይ የቆማችሁ አስተናጋጆች፣ አደራችሁን፣ ኩፖን አትጠይቁ። በአጥሩ ዙሪያ የቆሙት ልጆችም ይግቡ። ያቺ እናታችን አሁን ከጓሮ ጭስ ውስጥ እንጀራ እያወጣች ነው፤ ማዕዱ ከመባረኩ በፊት አንድ ሰው ሄዶ እጇን አስታጥቦ ያምጣት፤ ከፊት ረድፍ የእኔ ወንበር ባዶ ነው።