እምዬም አርበኛ ናት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ዘመዶቼ፤ እንኳን ለሚያዝያ 27 የድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ሴት አያታችሁ ስለ እምዬ ሕይወት ትንሽ ተናገሪ» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ከዚያ ዛሬ የምናጸድቀውን የዘር ሐረግ መጽሐፋችንን ረቂቅ ላኩልኝ። ብዙ ተደክሞበታል፤ የደከሙበትን እግዜር ይስጥልን። ግን አንድ ነገር አንጀቴን አቃጠለው። ስለ ባሏ፣ ስለ ወንድ አያታችን አርበኝነት አራት ገጽ ተጽፏል፤ ይገባቸዋል። ስለ እምዬ ያለው ግን አንድ መስመር ነው። «የአርበኛው ባለቤት፣ የአምስት ልጆች እናት» ይላል። በቃ።

የቀረውን እኔ ልናገር።

እምዬ የሰላሌ ልጅ ናት። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ገና ሙሽራ ነበረች። በታኅሣሥ 1929 የአርበኞች መሪ የነበሩት ደጃዝማች አበራ ካሣ ከወንድማቸው ከአስፋ ወሰን ጋር ምሕረት ታገኛላችሁ የሚለውን ቃል አምነው እጃቸውን ሰጡ፤ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ያኔ ነው አያታችን ዱር ቤቴ ብለው የወጡት። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እምዬን ቆርጣ እንድትነሣ ያደረጋት ግን ሌላ ነው። ታናሽ ወንድሟ ደብረ ሊባኖስ ዲያቆን ነበር። የካቲት 12 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የጣሊያኖቹ ጥርጣሬ ገዳሙ ላይ አረፈ። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ነው፤ ገዳሙ በሰው ይሞላል። ወታደሮቹ በዚያው በበዓሉ ሰሞን ገዳሙን ከበቡት። በማግስቱ መነኮሳቱን በካሚዮን እየጫኑ ላጋ ወልዴ ወስደው ረሸኗቸው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው በቴሌግራም ያመኑት 297 መነኮሳት ነው። በኋላ የተደረገ ጥናት የሟቾቹን ቁጥር ከሺህ በላይ ያደርሰዋል። ዲያቆናቱን ደግሞ ደብረ ብርሃን ወስደው ከቀናት በኋላ ፈጇቸው። የእምዬ ወንድም አስከሬኑ እንኳ አልመጣም። ተዝካሩን ያወጣችው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። መጽሐፋችን ውስጥ ይህ ልጅም የለም፤ በእናት ወገን ነዋ!

ከዚያ በኋላ እምዬ የውስጥ አርበኛ ሆነች። ጣሊያን ካምፕ አጠገብ እንቁላልና ጠላ ትሸጥ ነበር። ከአስካሪዎቹ፣ ለጣሊያን ካደሩት ቅጥር ወታደሮች፣ ጥይት ትገዛለች፤ አንዳንዴ በጠገራ ብር፣ አንዳንዴ በጠላው። ችግሩ ማሳለፉ ነው። ኬላው ላይ ቅሉም፣ ቅርጫቱም፣ መቀነቱም ይፈተሻል። ስለዚህ አንቀልባዋን በሁለት ድርብ ቆዳ ሰፋችው። ጥይቱን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠቀለለች በመሃሉ ትደረድረዋለች፤ እንዳይንቃጨል ነው። ላዩ ላይ ልጇን ታዝላለች። ያ ልጅ አባቴ ነው፤ ያኔ ዓመት አልሞላውም።

አንድ ቀን ኬላው ላይ አዲስ ዘበኛ ጠበቃት። ቅርጫቷን ገለበጠ። መቀነቷን አስፈታ። ከዚያ «ልጁን አውርጂ» አላት። እምዬ እጇን ወደ ኋላ ልካ የልጁን ጭን ቆነጠጠችው። ልጁ እሪ አለ። «ኩፍኝ ይዞታል፤ እሞታለሁ ካልክ ና አውርደው» አለችው። ዘበኛው ወደ ኋላ ሸሸ፤ «ሂጂ! ጥፊ ከዚህ!» አለ። እምዬ ከጥይቱ ይልቅ ያስፈራት የተናገረችው ነገር ነበር። ደህናውን ልጅ ታመመ ማለት ሟርት ነው ብላ መንገዱን ሁሉ እያማተበች ሄደች። ለተክልዬም ጧፍ ተሳለች፤ ስለቷንም አገባች። አንቀልባው አክስቴ ሣጥን ውስጥ አለ። ስፌቱን ገልጣችሁ ብታዩ የጥይቱ አረንጓዴ ዝገት ቆዳው ላይ ተጣብቋል። ማየት የሚፈልግ ዛሬውኑ ይምጣ፣ አሳየዋለሁ።

ነጻነት መጣ። አያታችን ሜዳሊያ ተቀበሉ። እሷም ሜዳሊያውን ለሚሰጠው ቢሮ አመለከተች። «ስንት ጠላት ገደልሽ? ማን ይመሰክርልሻል?» አሏት። «ስንት ሰው አስታጠቅሽ ብላችሁ ጠይቁኝ» ብላ መለሰች። ማመልከቻዋ እዚያው ቀረ። እሷም ዳግመኛ አልጠየቀችም።

እኔ ግን እጠይቃለሁ! ያ ጥይት በእግሩ ሄዶ ነው ዱር የገባው? በሶው ራሱን ቆልቶ፣ ራሱን ፈጭቶ ነው ስልቻ የገባው? የቆሰለውን ማን አጠበው? እምዬ ብትያዝ ስቅላት ነበር የሚጠብቃት፤ ልጁም ከነእናቱ ነበር የሚጠፋው። ታዲያ አርበኝነት ከዚህ ወዲያ ምንድን ነው? ያ ቢሮ አልመዘገባትም፤ እሺ። እኛ የገዛ ልጆቿ እንዴት እንረሳታለን?

«ሴት አርበኛ ጥቂት ናት» የሚለኝ አይጠፋም። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ንብረታቸውን ለአርበኞች አውለው፣ ታስረው፣ ጣሊያን አገር እስካለው አሲናራ ደሴት ተግዘዋል። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተዋል፤ እዚያው እኛው አገር። እነሱ የመኳንንት ስም ስላላቸው ታወቁ። የጠላ ሻጭዋን ማን ይጻፋት?

አክስቶቻችን በሕይወት ሳሉ ድምፃቸው ይቀረጽ፤ ስልክ የሌለው የለም።

ረቂቁ ገና ማተሚያ ቤት አልገባም። የምለው ይህ ነው። «የአርበኛው ባለቤት» የሚለው ይውጣና «አርበኛ» ተብሎ ይጻፍ። ታሪኳ በሙሉ ይግባ። የዲያቆን ወንድሟና የወላጆቿ የትውልድ ሐረግም ይጨመር። ጽሑፉን አዘጋጅቼ ይዣለሁ፤ ለሰብሳቢው አስረክባለሁ። ውሳኔው ለሌላ ጊዜ አይደር። የምትደግፉ አሁኑኑ እጃችሁን አውጡልኝ።