መድኃኒቱ አለፈ ወይስ ሽፋኑ ሳስቶ ነበር? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መድኃኒት ከደም ወደ አንጎል ማለፉን ለመፈተን የአንጎል ደም ስር ሴሎችን በባለ 12 ጉድጓድ ሰሌዳ፣ በትራንስዌል (ጉድጓዱን ከላይና ከታች በሚከፍል ቀዳዳማ) ሽፋን ላይ አሳድገን የኤሌክትሪክ መቋቋማቸውን ስንለካ 180 ኦም አገኘን። ወደ መድኃኒት ሙከራው እንለፍ?

መልስ፦ መቋቋሙ ከፍ ሲል ሴሎቹ ይበልጥ ተጣብቀው ዘግተዋል ማለት ነው፤ 180 ግን ገና ጥሬ ቁጥር ነው። ሴል ያልተዘራበትን ሽፋን በዚያው ሚዲየም (የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ) ይለኩና ይቀንሱ። ባዶው 110 ቢያሳይ የሴሎቹ ድርሻ 70 ነው። ይህን በሽፋኑ ስፋት፣ በ1.12 ካሬ ሴንቲሜትር ያባዙት፤ 78 ኦም·ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ የሚያካፍሉ አሉ፤ ስህተት ነው።

78 ደግ ነው ወይስ ደካማ የሚለው በሴሉ ዓይነት ይወሰናል። ኤችሲኤምኢሲ ዲ3 የተባለው የሰው ሴል መስመር ብቻውን ሲያድግ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ስለሚሰጥ ለእሱ አያስከፋም። ከግንደ ሴል ለተሠሩት ግን ከ1,000 በላይ ስለሚጠበቅ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ለንጽጽር፣ ክሮንና ኦሌሰን በ1982 በእንቁራሪት አንጎል ደም ስር ላይ የለኩት 1,870 ነበር።

ሰሌዳው ከማሞቂያው ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ንባቡ ይጨምራል። ስለዚህ ሁሉንም እኩል ጊዜ፣ ለምሳሌ 20 ደቂቃ፣ በክፍሉ ሙቀት አሳርፈው ይለኩ። የኤሌክትሮዱ አቀማመጥም አይለዋወጥ።

ጥያቄ፦ መድኃኒታችን በደንብ አለፈ። ወደ አንጎል ይገባል ማለት ነው?

መልስ፦ አይቸኩሉ! ከሙከራው ጋር፣ ወይም በዚያው ጉድጓድ ወዲያው ቀጥሎ፣ ሉሲፈር የሎን የመሰለ በሴሎች መካከል ብቻ ሊሾልክ የሚችል ቀለም ያሳልፉ። ቀለሙም እንደ መድኃኒቱ ካለፈ የለካችሁት የሽፋኑን መሳሳት እንጂ የመድኃኒቱን ጠባይ አይደለም።

ከሽፋኑ በላይና በታች የቀረውን መድኃኒትም ደምሩ። ከጨመራችሁት 80 በመቶ ካልሞላ፣ መድኃኒቱ በፕላስቲኩ ላይ ተጣብቋል ወይም በሴሎቹ ውስጥ ቀርቷል። ቅባት ወዳድ ውህዶች በዚህ የታወቁ ናቸው።

ቀጥሎ በሁለቱም አቅጣጫ ይሞክሩ። ወደ ደም በኩል የሚመለሰው ወደ አንጎል በኩል ከሚሄደው በ2 እጥፍ ከበለጠ፣ እንደ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ያለ ፓምፕ እያስወጣው ሊሆን ይችላል። ፓምፑን የሚያግደው ኤላክሪዳር ሲጨመር ልዩነቱ ከጠፋ ጥርጣሬው ተረጋገጠ።

ጥያቄ፦ ሴል የሌለው የፓምፓ ዘዴ አይበቃም?

መልስ፦ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበጃል፤ ፈጣን ነው። ነገር ግን የስብ ሽፋን ብቻ ስለሆነ ፓምፕም ተሸካሚ ፕሮቲንም የለውም። የፓርኪንሰን መድኃኒት የሆነውን ሌቮዶፓን ብትፈትኑበት «አያልፍም» ሊላችሁ ይችላል፤ በሕያው አንጎል ግን የአሚኖ አሲድ ተሸካሚው ላት1 ያስገባዋል።