የጥበቃ ትዕዛዝ ምን ይሰራል፣ እኛስ ምን እናበላሻለን

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ፣ በተለይ ወንዶቹን፣ ምክንያቱም ይሄ ጉዳይ ሲነሳ ብዙ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ የሚገኙት ሴቶች ብቻ ናቸው። ሰዓት ስላለብን ቶሎ ልግባበት።

ዛሬ የማወራው ስለ ጥበቃ ትዕዛዝ ነው፣ አንዳንዶቻችሁ ፕሮቴክሽን ኦርደር ወይም ሪስትሬይኒንግ ኦርደር ሲባል ሰምታችሁታል። ቤቱ ውስጥ የሚደበደብ ሰው፣ ወይ ጥቃት የደረሰበት፣ ወይ ደግሞ አንድ ሰው እግር በእግር እየተከታተለ መግቢያ መውጫ ያሳጣው ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ «ይሄ ሰው አይጠጋኝ» ብሎ የሚያስወጣው ትዕዛዝ ማለት ነው። እኔ አንዳንዴ አስተርጓሚ ሆኜ አንዳንዴም እንዲሁ ብቻቸውን እንዳይሆኑ አብሬ እየተቀመጥኩ ከብዙ ሰው ጋር ፍርድ ቤት ገብቻለሁ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ወንዶችም አሉ፣ እነሱ እንደውም ለመናገር የበለጠ ያፍራሉ። እና ሁሉም ማለት ይቻላል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ «ወረቀት ምን ያደርግልኛል?»

ጥያቄው ትክክል ነው። ወረቀት በር ላይ ቆሞ ሰው አይመልስም። የሚሰራው ሌላ ስራ ነው። ትዕዛዙ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው መስሪያ ቤቷ በር ላይ ቆሞ ቢጠብቃት፣ ሌሊት ሌሊት እየደጋገመ ቢደውል፣ ያልፈለገችውን ስጦታ ቢልክባት፣ ፖሊስ ስትጠራ ብዙ ጊዜ የምትሰማው «እና ምን አደረገሽ?» የሚለውን ነው። ትዕዛዙ ከወጣ በኋላ ግን እዛ በር ላይ መቆሙ ራሱ ጥፋት ነው፣ መደወሉ ራሱ ጥፋት ነው፣ እስኪመታት ድረስ መጠበቅ የለም። ፖሊሱም «ምን አደረገሽ» ማለቱን ትቶ ወረቀቱ ላይ ያለውን አድራሻና ሰውየው የቆመበትን ቦታ ነው የሚያየው። ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፣ እና በጣም ትልቅ ነገር ነው።

ይሄ መብት ከድሮ ጀምሮ የነበረ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ቦታ ባሏ የሚደበድባት ሴት ፍርድ ቤት እንዲያግድላት ከፈለገች መጀመሪያ የፍቺ ክስ መክፈት ነበረባት፣ ፍቺ ካልፈለገች ወይ አቅሙ ከሌላት በቃ ትመለሳለች። አሜሪካ ውስጥ ፔንሲልቬኒያ እ.ኤ.አ. በ1976 ራሱን የቻለ የጥበቃ ህግ ስታወጣ፣ እንግሊዝም በዛው ዓመት ተመሳሳይ ህግ ስታወጣ ነው ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው። ከዛ በኋላ ደቡብ አፍሪካ በ1998፣ ህንድ በ2005፣ ኬንያ በ2015 እያለ መጣ። እኔ በጣም የምወደው ግን የኦስትሪያውን ነው፣ በ1997 ስራ ላይ የዋለው ህግ ፖሊሱ ራሱ፣ እዛው በሩ ላይ ቆሞ፣ አደገኛ የሆነውን ሰው ከቤት እንዲያስወጣ ስልጣን ሰጠው፣ ቤቱ በሱ ስም ቢሆንም እንኳን። አሁን ለ2 ሳምንት እንዳይመለስ ይታገዳል፣ በነዛ ቀናት ተጎጂዋ ፍርድ ቤት ሄዳ ረዘም ያለውን ትዕዛዝ ትጠይቃለች። እስከዛ ድረስ እኮ ሁልጊዜ የምትወጣው እሷ ነበረች፣ ልጆቿን ይዛ፣ በሌሊት ልብሷ፣ ጥፋተኛው ደግሞ አልጋው ላይ ይተኛል።

ስቶኪንግ የሚባለው፣ ማለትም ሰውን እየተከታተሉ ማስጨነቅ፣ ከዚህም ዘግይቶ ነው ህግ ያገኘው። ርብቃ ሼፈር የምትባል ወጣት ተዋናይት በ1989 ለዓመታት ይከታተላት በነበረ ሰው ቤቷ በር ላይ ተገደለች፣ አድራሻዋን ያገኘው ከመኪና መንጃ ፈቃድ መዝገብ ላይ በሰው አስፈልጎ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን የስቶኪንግ ህግ አወጣች፣ ከዛ ሌሎቹም ተከተሉ። ይሄን የማነሳው ለምን መሰላችሁ፣ ዛሬም ሰው አድራሻ የሚያገኘው በተመሳሳይ መንገድ ስለሆነ ነው፣ ከመዝገብ፣ ከሶሻል ሚዲያ ፎቶ፣ ወይ አፉን መያዝ ካልቻለ ዘመድ። ወደሱ እመለሳለሁ።

እንዴት ነው የሚወጣው የሚለውን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል ግን አካሄዱ ይመሳሰላል። መጀመሪያ ማመልከቻ ትሞላላችሁ፣ ዳኛው አስቸኳይ መሆኑን ካመነ ሌላኛው ወገን ሳይጠራ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ይሰጣል፣ ብዙ ቦታ ለጥቂት ቀናት ወይ ለጥቂት ሳምንታት የሚቆይ። ከዛ ቀጠሮ ይያዝና ሁለቱም ወገን ይሰማል፣ ዳኛው ካመነ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየውን ይሰጣል። መሀል ላይ አንድ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፣ ትዕዛዙ ለሰውየው መድረስ አለበት። ፖሊስ ወይ የፍርድ ቤት ሰራተኛ እጁ ላይ ሰጥቶት መስጠቱ እስካልተመዘገበ ድረስ ብዙ ቦታ «አላወቅኩም ነበር» ብሎ ማምለጥ ይችላል። ስለዚህ ሰውየው የት እንደሚሰራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ መኪናው ምን እንደሚመስል ማመልከቻው ላይ በደንብ ፃፉ፣ ከዛም ደውላችሁ «ደርሶታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እሷ ወረቀት ይዣለሁ ብላ ተረጋግታ ሳለ እሱ ገና ያልደረሰው ሰው አይቻለሁ፣ ያ ክፍተት በጣም ነው የሚያስፈራኝ።

ማመልከቻው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዛ ጋ ነው። የኛ ሰው ሲፅፍ ያድበሰብሳል። «ባህሪው ጥሩ አይደለም፣ ሁልጊዜ ያስቸግረኛል፣ በጣም ተጎድቻለሁ» ብሎ ይፅፋል፣ ዳኛው ይሄን አንብቦ ምንም ማድረግ አይችልም። እንደዚህ ብላችሁ ፃፉት፣ «ባለፈው ማክሰኞ ማታ ሶስት ሰዓት አካባቢ ኩሽና ውስጥ በቀኝ እጁ አንገቴን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ፣ መተንፈስ አቃተኝ፣ ትልቋ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር፣ በማግስቱ ድምፄ ዘግቶ ነበር።» ቀኑ አለ፣ ቦታው አለ፣ ያየ ሰው አለ፣ የተከተለው ጉዳት አለ። አንገት ማነቅን ደግሞ በምንም አይነት «ገፋ አደረገኝ» ብላችሁ አታሳንሱት። ምልክት ሳይተው ሊያልፍ ይችላል፣ ግን አንዴ አንገቷን ያነቀ ሰው በኋላ ሊገድላት የሚችልበት ዕድል ከሌላው በጣም ከፍ ያለ መሆኑን በዚህ ጉዳይ የሚሰሩ ሀኪሞችም ፖሊሶችም የሚያውቁት ነው። ሀኪም ዘንድ ሂዱ፣ የተፃፈውንም ወረቀት ተቀበሉ።

ምን እንደምትጠይቁም እወቁ። የማትጠይቁትን ዳኛው ላይሰጣችሁ ይችላል። ቤት ብቻ አይደለም፣ መስሪያ ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የእናታችሁ ቤት በስም ይፃፍ። በስልክም በቴክስትም በሶሻል ሚዲያም በሌላ ሰውም በኩል እንዳያገኛችሁ ይፃፍ። መሳሪያ ካለው ይነሳለት በሉ፣ አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ እንደዚህ አይነት ትዕዛዝ የወጣበትንና ዳኛው አደገኛ ነው ያለውን ሰው መሳሪያ እንዳይዝ የሚከለክለው የፌደራል ህግ ተከራክሮ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2024 ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፀንቷል። ልጆች ካሉ ደግሞ ማን የት ቦታ በስንት ሰዓት እንደሚያስረክብ ቁልጭ ብሎ ይፃፍ፣ «እንደ ሁኔታው ይስማሙ» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ ለሱ በር ተከፈተለት ማለት ነው፣ በየሳምንቱ ለመደወል ምክንያት አገኘ።

ከወጣ በኋላ ኮፒውን ቦርሳ ውስጥ፣ ፎቶውን ስልክ ላይ፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱን ለመስሪያ ቤት ጥበቃ። ፓስዋርድ ይቀየር፣ ስልኩ ላይ ሎኬሽን የሚያጋራ ነገር ካለ ይታይ፣ ቦርሳና መኪና ውስጥ ኤርታግ ወይ ሌላ መከታተያ እንዳይኖር ይፈተሽ። ግን የሆነ ነገር ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ አትጣሉት፣ ፎቶ አንሱትና ፖሊስ ይየው፣ ማስረጃ ነው። እና ትዕዛዝ ለማውጣት ያሰበች ሴት የት እንደምታድር አስቀድማ ታስብ፣ ምክንያቱም በጣም አደገኛው ጊዜ ትታው ልትሄድ ስትል ወይ ገና እንደሄደች ነው። ይሄን የምለው ላስፈራራ አይደለም፣ ወረቀቱ ብቻውን ሳይሆን ከፕላን ጋር እንዲሄድ ነው።

አሁን ዛሬ ወደዚህ የመጣሁበት ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ትዕዛዙን መጀመሪያ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ እሱ አይደለም፣ እኛ ነን። አክስት ትደውልና «አልቅሶ አልቅሶ ሊሞት ነው፣ አንዴ ብቻ አናግሪው» ትላለች። ጓደኛው «ልጆቹ ናፍቀውታል በይልኝ ብሎ ነው» ይላል። አንድ የተከበሩ ሰው ደግሞ ሁለቱን ሳይነግሩ አንድ ቤት ጠርተው ያገናኟቸዋል። ሁሉም ለበጎ ብለው ነው፣ አውቃለሁ። ግን ትዕዛዙ ላይ በሶስተኛ ወገን በኩል አታግኛት ተብሎ ከተፃፈ፣ ያ መልዕክት እሱ በአንቺ አፍ ደወለላት ማለት ነው። ሰውየውንም እየጎዳችሁት ነው፣ ለዛ መልዕክት ሊታሰር ይችላል። እናም ማስታረቅ ከፈለጋችሁ ትዕዛዙን መቀየር የሚችለው ዳኛ ብቻ መሆኑን እወቁ። እሷ ራሷ «ና» ብትለው እንኳን ብዙ ቦታ ትዕዛዙ አይሻርም፣ የታዘዘው እሱ ነው፣ ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው።

«ክሱን አንሺው፣ ለልጆችሽ ብለሽ» የምትለዋም ነገር አለች። ስለዚህ አንድ መዝገብ ልንገራችሁ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2009 በቱርክ ላይ የወሰነው ኦፑዝ የሚባል ጉዳይ አለ። እናትና ልጅ በልጅቷ ባል ለዓመታት ይደበደባሉ፣ በስለት ይወጋል፣ በመኪና ይገጫል፣ እነሱ ይከሳሉ፣ ከዛ እየተዛተባቸው ክሱን ያነሳሉ፣ ባለስልጣናቱም ክስ ከተነሳ የቤተሰብ ጉዳይ ነው እያሉ ፋይሉን ይዘጋሉ። በ2002 እናትየዋን ገደላት። ፍርድ ቤቱ ያለው ነገር ባጭሩ፣ ተጎጂዋ ክሷን ስላነሳች መንግስት ከመጠበቅ ግዴታው ነፃ አይሆንም፣ ለምን እንዳነሳች መጠየቅ ነበረባችሁ ነው። እኔም እናንተን የምጠይቀው ይሄንኑ ነው፣ አንሺው ከማለታችሁ በፊት ማን እየዛተባት እንደሆነ ጠይቋት።

ፖሊስስ ሁልጊዜ ይደርሳል ወይ? አይደርስም፣ አልዋሻችሁም። ኮሎራዶ ውስጥ ካስል ሮክ የምትባል ከተማ በ1999 አንዲት እናት ትዕዛዝ እያላት አባትየው ሶስት ሴት ልጆቿን ከደጅ ወሰዳቸው፣ ፖሊስ ጋ ማታውን ሙሉ ደጋግማ ደወለች፣ ጣቢያም ሄደች፣ ጠብቂ አሏት። ሶስቱም ልጆች ተገደሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ፖሊስ ትዕዛዙን እንዲያስከብርላት በህገ መንግስቱ የምትጠይቀው መብት የላትም ብሎ ወሰነ። በ2011 ደግሞ የአሜሪካ አህጉር የሰብአዊ መብት ኮሚሽን መብቷ ተጥሷል አለ። ይሄን ሳነብ እስካሁን እናደዳለሁ። ለዚህ ነው ትዕዛዙ ሲጣስ፣ ትንሽ ብትመስልም፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት የመጣች አንድ ባዶ ቴክስት ብትሆንም፣ ስክሪንሾት አድርጉ፣ አትመልሱ፣ አመልክቱ፣ የፖሊሱን ስምና የሪፖርት ቁጥሩን ፃፉ የምለው። መጀመሪያ ላይ ዝም የተባለች ጥሰት በሚቀጥለው ቀጠሮ «እሷም አላስቸገራትም ነበር» ተብላ ትመጣባችኋለች። እና ጎረቤቶች፣ እናንተም የዛን ሰው መኪና እንዳይጠጋ ከተባለበት ቤት አጠገብ ካያችሁ ሰዓቱን ፃፉና ፖሊስ ጋ ደውሉ፣ እሷ እስክትደውል አትጠብቁ፣ ስልኳ በእሱ እጅ ሊሆን ይችላል።

አንድ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አድራሻዋን ደብቃ የምትኖር ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ዛሬ የተነሱ ፎቶዎችን ሰው የሚታይበት ከሆነ እባካችሁ አትለጥፉ፣ «እገሌን አየኋት» ብላችሁም አትንገሩ።

ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ፣ የግል ጉዳይ ያላችሁ እዚህ ሰው ፊት አታንሱት። በስተቀኝ በኩል ያለችው ትንሿ ክፍል ውስጥ እስከ ማታ አለሁ፣ ማመልከቻ ለመሙላት የሚከብደው ካለ አብረን ቁጭ ብለን እንሞላለን።