የማሊንዲው ዓምድ፦ ለአስጎብኚዎችና ለቅርስ ጥበቃ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አስጎብኚዎችና ሠልጣኞች፤

ከሞምባሳ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የኬንያዋ ማሊንዲ፣ ወደ ባሕሩ በገባ የኮራል (ከባሕር እንስሳት ቅሪት የተሠራ ድንጋይ) አፋፍ ላይ፣ ነጭ ሾጣጣ ግንብ ቆሟል፤ አናቱ ላይ መስቀል አለው። እንግዳ ይዛችሁ ስትደርሱ «ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ ከመርከብ የወረደው እዚሁ ነው፤ ይህን ግንብ ያቆመውም እሱ ነው» ለማለት ይቀናችኋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ጋማ ማሊንዲ የደረሰው ሚያዝያ 1498 ነው (የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሞምባሳ ላይ ጠላትነት ገጥሞት ነበር። የሞምባሳ ባላንጣ የነበረው የማሊንዲ ገዥ ግን ተቀበለው፤ የባሕር መንገድ መሪም ሰጠው፤ በዚህ ሰው እየተመራ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ሕንድ፣ ካሊከት ገባ። መሪው ዝነኛው ዓረባዊ መርከበኛ አሕመድ ኢብን ማጂድ ነበር የሚለውን ብዙ የታሪክ ምሁራን ስለማይቀበሉት ስሙን ባትጠሩ ይሻላል።

ፖርቱጋሎች የንጉሣቸውን አርማ የያዘ ዓምድ በየደረሱበት ይተክሉ ነበር። የማሊንዲው በዚያው ጉዞ ሲተከል የቆመው ከተማው ውስጥ፣ በገዥው ቤት አቅራቢያ ነው። አፋፉ ላይ የወጣው በኋላ ተዛውሮ ነው። ሾጣጣው ግንብም ዓምዱ እንዳይወድቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች የገነቡለት ድጋፍ ነው። እንግዳውን መስቀሉን አሳዩት፦ እሱ ከሊዝበን የመጣ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሌላው የአካባቢው ኮራል።

ኢትዮጵያዊ እንግዳ ከሆነ ሌላም የሚነገረው አለ። በ1541 ከምጽዋ 400 ያህል ወታደር እየመራ መጥቶ የአሕመድ ግራኝን ጦር የገጠመው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የቫስኮ ልጅ ነው። በ1542 ወፍላ ላይ ተሸንፎ ተማረከ፤ ተገደለም።

አሁን ወደ ጥገናው። ኮራል ቀዳዳማ ስለሆነ የጨው ውኃ ይጠጣል። ውኃው ሲተን ጨው ቀዳዳው ውስጥ ይረጋል፤ እየረጋም ድንጋዩን ከውስጥ ገፍቶ ያፈርሰዋል። እዚህ ላይ ሲሚንቶ የሚለጥፍ ሰው ጉዳቱን ያፋጥናል። ሲሚንቶ ከኮራል ይጠነክራል፤ ውኃም አያስተነፍስም። ስለዚህ እርጥበቱ በመጋጠሚያው መውጣቱ ቀርቶ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ድንጋዩም ይላጣል፣ መጋጠሚያው ብቻ ጎልቶ ይቀራል። እንዲህ ያለ ግንብ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ትክክለኛው ነገር ኖራ ነው፦ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ። አሸዋው ከባሕር ዳር የተዛቀ መሆን የለበትም፤ ጨው ይዞ ይመጣል። አሮጌው ልስን በእጅ መሣሪያ ይነሣል እንጂ በማሽን አይደበደብም። አዲሱ በስሱ፣ በአንድ ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ይለሰናል። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ይለብስና ለቀናት ሳይደርቅ ይጠበቃል። የማሊንዲ ነፋስና ፀሐይ በአንድ ቀን ካደረቁት ይሰነጠቃል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው በዚህች ችኮላ ነው።

ከግንቡ ይልቅ የሚያሰጋው ግን አፋፉ ነው። ማዕበል የኮራሉን እግር ከሥር ስለሚበላው አናቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህን ለማሳየት ውኃው የሚሸሽበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በዚያ ዳርቻ በመሸሽና በመሙላት መካከል ያለው ልዩነት በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን 3 ሜትር ያህል ይደርሳል። ከታች ሆነው ሲያዩት ክፍተቱ ግልጽ ነው። ከላይ ሲሆኑ ግን ምንም አይታይም፤ ስለዚህ ፎቶ ለመነሣት ወደ ጫፉ የሚጠጋውን እንግዳ መልሱት።