በጓዳ በር

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም የማወራችሁ ከመኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል፤ የአፓርታማችን ግድግዳ ደግሞ ወረቀት ነው፣ ትንሽ ድምፄን ከፍ ካደረግኩ ይነሣሉ። ስለዚህ ፓርኪንጉ ላይ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ ቁጭ ብያለሁ። ብርዱ ለጉድ ነው። የሚንገጫገጭ ነገር ከሰማችሁ ማይኩ አይደለም፣ ጥርሴ ነው።

እሺ። ሳምንቱ አለቀ፤ ተመስገን። የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የማርቲን ሉተር ኪንግን ሳምንት ያከብራል። ሰኞ የአገልግሎት ቀን ነው፤ ተማሪዎቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ምግብ ሊያሽጉ፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ ሊቀቡ ይወጣሉ። ማክሰኞ የጸሎት ቁርስ አለ። ከዚያ የልጆች የንግግር ውድድር፣ ሻማ ይዞ በግቢው መዞር፣ ዓርብ ማታ ደግሞ ትልቁ እራት፣ ከሩቅ ከተጋበዘ ተናጋሪ ጋር። እኔ ኬተሪንግ ነኝ፣ የምግብ መስተንግዶው ክፍል። ሳምንቱን ሙሉ ከጧት እስከ ማታ አለሁበት፤ ፎቶው ላይ ግን ብትፈልጉኝ አታገኙኝም።

የዘንድሮው ሰኞ ስንት ቀን እንደዋለ ልብ ብላችኋል? ጥር 11። የኪንግ በዓል በሕግ የጃንዋሪ ሦስተኛ ሰኞ ነው፤ ዘንድሮ 19 ላይ ዋለና ከጥምቀት ጋር ገጠመ። የቢሮ ሠራተኛው በዓል ነው ብሎ ተኝቷል። የእኛ ክፍል ግን ግቢው በዓል ሲያከብር ነው ሥራ የሚበዛበት። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ገብቼ ናፕኪን ሳጥፍ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። እዚያ ቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፣ ታቦት እየተሸኘ። ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ። የሚታየኝ የዣንጥላ ጫፍና የሰው ጀርባ ብቻ ነው፤ እልልታው ግን ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። በአንድ ጆሮዬ እልልታ፣ በሌላው ጆሮዬ የቡና ማፍያው ጩኸት። «ምን እያደረግሽ ነው?» አለች። «ለኪንግ ቁርስ እየሠራሁ ነው» አልኳት። «የትኛው ንጉሥ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ በዚያ ሰዓት ግን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ ዓመት «የትኛው ንጉሥ» ከሚሉት ወገን ነበርኩ። አገር ቤት ስለ እሱ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ሕልም ነበረው፣ ገደሉት። እዚህም ብዙ ሰው ከዚያ አያልፍም። የንግግር ውድድሩ ላይ ልጆቹ በየዓመቱ በቃላቸው የሚወጡት የ1963ቱን የዋሽንግተን ንግግር ነው፤ እሱንም የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ብቻ። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ ነው የማወራው፣ እንዳትደናገሩ።)

ያስተማረችኝ አብራኝ የምትሠራ ሴት ናት። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ በዕድሜ እናቴን ትሆናለች፤ እኔ በልቤ እትዬ ነው የምላት፣ እሷ ቤቢ ትለኛለች። አንድ ዓመት የጸሎት ቁርሱ ላይ የእንቁላሉን ማሞቂያ ከሥር እየለኮስን፣ «የት እንደሞተ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ሜምፊስ» አልኳት። «ምን ሊሠራ ሄዶ?» ዝም አልኩ። «ከቆሻሻ ሠራተኞቹ ጋር ነበር ቤቢ» አለችና ክብሪቱን አጥፍታ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄደች። በቃ፣ ይኸው ነው ትምህርቱ። ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 ሜምፊስ ዝናብ ይጥላል። ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የሚባሉ ሁለት የቆሻሻ ሠራተኞች ዝናቡን ሽሽት ከመኪናው ኋላ ገቡ፤ ቆሻሻው የሚጨመቅበት ቦታ ላይ። መጭመቂያው በራሱ ጊዜ ተነሣና ሁለቱንም ገደላቸው። ከአስራ አንድ ቀን በኋላ 1,300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ጽሑፍ «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ነበር። ደሞዝ ጨምሩልን እንኳ አይልም። ኪንግ ሊያግዛቸው ሄደ፣ ተመላለሰ፣ ኤፕሪል 4 ቀን ባረፈበት ሞቴል በረንዳ ላይ ቆሞ ሳለ ተገደለ። 39 ዓመቱ ነበር። አድማው እሱ በሞተ በ12ኛው ቀን በስምምነት አለቀ፤ ማኅበራቸው ዕውቅና አገኘ፣ ደሞዝም ተጨመረ።

አሁን ስለ ፖስተሩ ልንገራችሁ። በዕረፍት ክፍላችን ከማይክሮዌቩ በላይ የኪንግ ቃል ተለጥፏል። መንገድ ጠራጊ ከሆንክ ማይክል አንጄሎ ሥዕል እንደሚሥል አድርገህ ጥረግ የሚለው። ብሏል፣ አልዋሹም፤ ደጋግሞ ነው ያለው። ግን ያው ሰው ማርች 18 ቀን 1968፣ ሊሞት ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ሲቀረው፣ እዚያው ሜምፊስ ሌላም ነገር ተናግሯል። ቆሻሻችንን የሚያነሣው ሰው ከሐኪም አያንስም፣ እሱ ሥራውን ቢተው በሽታ ይፈጀናል አለ። ቀጠለናም በዚህ ሀብታም አገር ሰው እየሠራ የረሃብ ደሞዝ መቀበሉ ወንጀል ነው አለ። ይኼኛው አልተለጠፈም። የመጀመሪያው ለጠራጊው የተነገረ ነው፤ ሁለተኛው ለከፋዩ። ማይክሮዌቩ ጋ የምንቆመው እኛ ነን፣ ስለዚህ የእኛን ድርሻ ለጠፉልን። የከፋዩስ ድርሻ የት ይለጠፍ? እኔ እንጃ። ፎቁን አላውቀውም።

አሁን ደግሞ የእኔን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ጆርጂያ ጊልሞር። ምግብ አብሳይ ናት፣ ሞንትጎመሪ አላባማ። በ1955 ዲሴምበር ሮዛ ፓርክስ አውቶብስ ላይ ለነጭ ወንበሬን አልለቅም ብላ ከታሰረች በኋላ ጥቁሮቹ አውቶብስ አንሳፈርም አሉ፤ 381 ቀን በእግር፣ በሰው መኪና። ለቤንዚን፣ ለመኪና ጥገና ገንዘብ ያስፈልጋል። ከየት ይምጣ? እሷና ጓደኞቿ ዶሮ ጠብሰው፣ ኬክና ፓይ ጋግረው በየጸጉር ቤቱ፣ በየታክሲ ማቆሚያው ይሸጡ ጀመር። ገንዘቡን ለንቅናቄው ያስገባሉ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ነጮች ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ስለነበሩ፣ ቢታወቅባቸው እንጀራቸው ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ ማኅበራቸውን ምን ብለው ሰየሙት መሰላችሁ? «ከየትም»። ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል፣ ከየትም!

ይህን ሳነብ የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ናቸው ፊቴ ላይ ድቅን ያሉት። ሕንፃው ሲገዛ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አምባሻና ሳምቡሳ የሚሸጡት። የምሥጋና ወረቀት ሲነበብ የሐኪሙ ስም ይጠራል፣ የነጋዴው ይጠራል፤ ሳምቡሳው ከየትም!

ጊልሞር በ1956 ኪንግ በዚሁ የአውቶብስ አድማ ሲከሰስ ፍርድ ቤት ቀርባ መሰከረችና ከምትሠራበት ምግብ ቤት ተባረረች። ኪንግ በራስሽ ቤት ለምን አትሠሪም አላት፣ ለመነሻም ረዳት። ከዚያ ወዲያ ስብሰባው ሁሉ እሷ ቤት ሆነ። በ1990 ለጥቁሮች የመምረጥ መብት የተደረገው የሰልማ ሰልፍ 25ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ለሚመጣው ሰው ምግብ እያዘጋጀች ሳለ አረፈች። የሠራችውን ምግብ ለቀስተኛው በላው። እስቲ አስቡት፣ ለለቅሶዋ ራሷ አብስላ።

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ዓርቡ እሄዳለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ስላልን። ያንን የአውቶብስ አድማ በወረቀት የጠራችው ጆ አን ሮቢንሰን የአላባማ ስቴት ኮሌጅ መምህርት ነበረች። ሮዛ የታሰረች ማታ ኮሌጁ ገብታ፣ ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ሌሊቱን ሙሉ በማባዣው ማሽን ጥሪውን በአስር ሺዎች አባዛች። ወረቀት ለመቆጠብ በአንዱ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፈው ይቆርጡት ነበር። ስቴንስል ቀለሙ እጅ ላይ እንዴት እንደሚቀር አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ «መሬት ለአራሹ» ዘመን ወረቀት የበተኑ ያውቁታል። ኪንግ ያኔ 26 ዓመቱ ነው፣ ለከተማው እንግዳ የሆነ ቄስ። ኮሌጁ የመንግሥት ነውና የሴትዮዋ ሥራ በጨለማ ነበር። በ1960 ከሌሎች መምህራን ጋር ኮሌጁን ለቃ ወጣች። ዛሬ በየግቢው በር ላይ ባነሩን የሚሰቅለው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው፣ በባለቀለም ማተሚያ።

አትሳሳቱ፣ ሳምንቱ ይቅር እያልኩ አይደለም። ቀኑ እንኳ በምን ትግል እንደመጣ አያለሁ፤ ሰውየው በሞተ በአራተኛው ቀን ለምክር ቤት የቀረበ ሐሳብ የተፈረመው በ1983 ነው። እኔም በዲቪ ነው የመጣሁት። ዲቪ ራሱ የ1990 ሕግ ነው፤ ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በፊት ግን ለኢትዮጵያ በሙሉ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያን ኮታ ያነሣው ሕግ የተፈረመው ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸው በሕግ በተረጋገጠ በሁለተኛው ወር ነው። እና የማከብርበት ምክንያት አለኝ። የከበደኝ ሌላ ነው።

ዓርብ ማታ። አርባ ክብ ጠረጴዛ፣ ለእያንዳንዱ አስር ወንበር። ዶሮ፣ ድንች፣ ፎሶሊያ። ተናጋሪው ጥሩ ሰው ነበር፣ እውነቴን ነው። ሜምፊስ ብሎ ሲጀምር የቡና ማንቆርቆሪያ ይዤ ግድግዳው ሥር ቆሜያለሁ። የእነኮልን ስም ጠራ! በሰማሁት በስንት ዓመቴ። እትዬ ከማዶ ግድግዳ አየችኝ፣ ቅንድቧን ብቻ አነሣች። ወዲያው ከጠረጴዛ አስራ ሁለት አንዲት ሴትዮ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል ኩባያዋን ወደ እኔ ዘረጋች። ቀዳሁላት። ምን ላድርግ?

አዳራሹ ጸድቶ ሲያልቅ እትዬ የተረፈ ፕሮግራም ሁለት አንሥታ በኤፕረኗ ኪስ ከተተች፣ ለልጅ ልጇ። እኔም አንድ ወሰድኩ። ወጥ ነክቶታል።

የሚመጣው ዓመት የኪንግ ሰኞ ጃንዋሪ 18 ነው፤ ከተራ። ጥምቀት ማክሰኞ ይውላል፣ የጸሎት ቁርሱ ቀን። ትናንት የማክሰኞውን ፈቃድ ከአሁኑ ጠየቅሁ። «ገና ዓመት ሙሉ አለ እኮ» አለኝ አለቃዬ፤ ስሜን ግን ካላንደሩ ላይ ጻፈው፣ በእርሳስ።

በሉ መስኮቱ በትንፋሼ ታፍኗል፣ ልግባ። ደህና እደሩ።